ሦስተኛው ኩላሊት

የበግ ኩላሊት በመዳፌ ላይ አስቀምጬ በጎልማሶች ፊት በቆምኩበት በዚያ ከሰዓት በኋላ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የፈራሁ የመሰላቸው ነበሩ። ነገሩ ግን ደስታ ነበር፤ አንድን ነገር ለረጅም ጊዜ በመጽሐፍ ብቻ ወድዶ ኖሮ፣ በስተመጨረሻ ለሌሎች ሊያሳየው የቆመ ሰው ደስታ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ናዝሬት ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት መምህር ነበርኩ፤ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ፊደል ያስቆጠራቸው ጎልማሶች ንባባቸውን እንዳይረሱ፣ በሳምንት ሁለት ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በቀበሌው አዳራሽ ስለ ጤና እንዳስተምራቸው ተመድቤ ነበር። የሚመጡት በርበሬ ነጋዴዎች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ከስኳር ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሠራተኞችና ጋሪ ነጂዎች ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ሙቀት ሲቀጠቅጣቸው ውለው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይመጣሉ።

ስለ ሰውነት ቆሻሻ አወጋገድ የሚያስረዳ፣ ለእነሱ የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ስላላገኘሁ ራሴ ጻፍኩት። ገጾቹን በስቴንስል አባዝቼ አደልኳቸው። ሳንባ የተቃጠለውን አየር እንዴት እንደሚያስወጣ፣ ጉበት መርዙን እንዴት እንደሚያበርድ፣ አንጀት የተረፈውን እንዴት እንደሚገፋ ጻፍኩ። ኩላሊት ዘንድ ስደርስ ግን ብዕሬ አልቆም አለኝ። የጠላ ማጥለያ ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት፤ ማጥለያ አተላውን ያስቀራል እንጂ አይመርጥም። ኩላሊት ግን ይመርጣል። ሳጥኗን ገልብጣ ያላትን ሁሉ መሬት ላይ ካፈሰሰች በኋላ፣ የሚጠቅማትን አንድ በአንድ እያነሣች መልሳ የምታስገባን ሴት አስቡ ብዬ ጻፍኩ። ውሃውንም፣ ጨውንም፣ ስኳሩንም መጀመሪያ ያወጣል፤ ከዚያ የሚያስፈልገውን እየለየ ወደ ደም ይመልሳል። መሬት ላይ የቀረችው ያቺ ጥቂት ናት ሽንት። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ከወንበሬ ተነሥቼ በክፍሌ ውስጥ የተመላለስኩት ትዝ ይለኛል። የሰው ልጅ ሳያውቀው፣ ተኝቶ ሳለ እንኳ፣ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በጎኑ ተሸክሞ ይኖራል!

በዚሁ ስሜት ውስጥ ሆኜ ነው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጨመርኳት። ስለ ላብ ሁለት መስመር ካስቀመጥኩ በኋላ፣ «ስለዚህ ቆዳችን ሦስተኛው ኩላሊታችን ነው» ብዬ ዘጋሁት። ዓረፍተ ነገሯ አጭር ናት፤ ትጥማለች፤ ጆሮ ላይ ትቀራለች። እውነት መሆኗን ግን ደግሜ አልመዘንኳትም። በላብ የሚወጣው ቆሻሻ እጅግ ጥቂት ነው፤ የላብ ዋና ሥራ ሰውነትን ማብረድ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ዓረፍተ ነገሯ ግን አማረችኝ፤ ተውኳት።

የበጉን ኩላሊት በምላጭ ለሁለት ስከፍለው ክፍሉ በአንድ ጊዜ ተነሣ። አንዷ በርበሬ ነጋዴ፣ «ይህንን እኮ ጠብሰን ስንበላው ኖረናል፤ ማን ነው ዕቃ መራጭ መሆኑን የነገረን?» አለች። ከፊት ወንበር የሚቀመጡት አዛውንት ደግሞ አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ ጎንበስ ብለው አዩት። እኚህ ሰው ባለ ጋሪ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከስድሳ በላይ ነው፤ ፊደል የቆጠሩት በዘመቻው ነው። ማንበብ ከቻሉ ወዲህ ጋሪያቸው ላይ ሆነው የየሱቁን ታፔላ ጮክ ብለው እያነበቡ ስለሚያልፉ መንገደኛው ሁሉ ያውቃቸዋል። እኔን «መምህር» ይሉኛል፤ ግን አንተ ነው የሚሉኝ። እኔ አባባ እላቸዋለሁ።

«መምህር፣» አሉ ቀና ብለው፣ «ቆዳ ሦስተኛ ኩላሊት ነው አልክ። እሺ። ፈረሴ ግን ቀኑን ሙሉ ያልበዋል፤ ቀኑን ሙሉም ይሸናል። ይኼስ?»

ከዚያ ወዲህ የሰማኋቸው ብዙ ምሁራን እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠየቁኝም። የሚገባው መልስ፣ «አባባ፣ ልክ ነዎት፤ ላብ ሽንትን አይተካም» ማለት ነበር። እኔ ግን የጻፍኳትን ዓረፍተ ነገር ለመጠበቅ ስል፣ «ፈረስ በባልዲ ነው የሚጠጣው አባባ፤ ሰው በብርጭቆ ነው» አልኩ። ሰው ሳቀ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባልከፋ። ነገር ግን የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ ዓረፍተ ነገሯን ወደዳት። በዚያ ሰሞን የከተማ ጽዳት ዘመቻ ነበር፤ በየግንቡ ሥር የሚሸና ሰው ዋና ጠላት ሆኖ ተፈርጆ ነበር። ኃላፊው ዓረፍተ ነገሬን በነጭ ቀለም በጣውላ ላይ አስጽፎ በአዳራሹ በር ላይ አሰቀላት። ከዚያም ጎልማሶቼን ሰብስቦ፣ እኔ ከጎኑ ቆሜ ሳለ፣ እንዲህ አለ፦

«ጓዶች! ሳይንስ እንዳረጋገጠው በእኛ አየር ጠባይ ሰው ቆሻሻውን በላቡ ያስወግዳል። ሥራ ላይ ያለ ጓድ ያልበዋል። ያላበው ጓድ ግንብ ሥር የሚቆምበት ምክንያት የለውም!»

«ጓድ፣» አለች ያቺው በርበሬ ነጋዴ፣ «እኛስ እሺ፣ ፀሐይ ላይ ነው የምንውለው። አንተ ቢሮ ጥላ ሥር ተቀምጠህ የምትውለው በምንህ ልትሸና ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ኃላፊውም ሳይወድ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ስህተት ነው ለማለት አፌን የምከፍትበት ትክክለኛ ጊዜ ያ ነበር፤ ሳቁ መንገዱን ጠርጎልኝ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሰው የሚናገረውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ያስብ ነበር፤ ያልተናገረው ግን የሚጠየቅበት አይመስለውም ነበር። ዝም አልኩ።

ወሩ ግንቦት ነበር። ዝናቡ ገና አልመጣም፤ ከሰዓት በኋላ የአስፋልቱ ሬንጅ ከጫማ ሶል ጋር ይጣበቃል። አዛውንቱ በተከታታይ ሁለት ክፍለ ጊዜ ቀሩ። አንድም ቀን ቀርተው የማያውቁ ሰው ናቸውና ከፊት ወንበር ያለው ባዶ ቦታ ዓይኔን ይስበኝ ነበር። አንድ ሌላ ጋሪ ነጂ ስጠይቀው፣ «ወባ ናት መምህር፤ ኪኒኑን እየዋጡ ነው» አለኝ። ወባ በእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ቢሆንም እሑድ ጠዋት ልጠይቃቸው ሄድኩ።

ቤታቸው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። ግቢው ውስጥ ፈረሱ ጋሪው ላይ ተጠምዶ ቆሟል። ባለቤታቸው ፎጣና ልብስ በነጠላ እየቋጠሩ ነበር። አማርኛቸው በኦሮምኛ የተዋዛ፣ ፈጣን ነው።

«ና ግባ፣ ና! መምህሩ መጣልህ!» አሉ ወደ ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ለእኔም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሦስት ቀኑ ነው እህል ካልቀመሰ። የዋጠውን ያስመልሰዋል። አሁን ሶደሬ ልንወስደው ነው፤ አውቶቡሱ ጋ በጋሪ አድርሰን፣ ከዚያ እፍል ውሃው ውስጥ ብንነክረው የቀረው በላብ ይወጣለታል ብለን ነው።»

አዛውንቱ አልጋው ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ዓይናቸው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ሲያዩኝ ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ ምላሳቸው ከላንቃቸው ጋር ተጣብቆ ንግግራቸው ጎተት ይል ነበር። እጃቸውን ያዝኩ። ትኩሳት አልነበራቸውም። ሳላስበው የእጃቸውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጬ ለቀቅኩት፤ እንደተቆነጠጠ ቀረ። ቀስ እያለ፣ እያመነታ ተመለሰ።

«አባባ፣ ውሃ ይጠጣሉ?»

«ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ። ይበቃኛል። ብዙ ጠጥቼ የት ልሄድ? ግንብ ሥር እንዳንቆም ተብሏል፤ ሴቶች ጭኜ በየት በኩል እወርዳለሁ?»

«ሽንትስ?»

ባለቤታቸው ፊታቸውን አዞሩ። እሳቸው ግን የደረሱበትን ለአስተማሪው እንደሚያስረዳ ጎበዝ ተማሪ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እሱማ ቀርቷል። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ጥቂት ጠብታ ነበረች፤ ጥቁር። ከዚያ ወዲህ የለም። በላቤ እየወጣ ነዋ! አንተው አይደለህ ያስተማርከን?»

 ያን ጊዜ የተሰማኝን ለመግለጽ ቃል ስፈልግ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ያቺ ያማረች ዓረፍተ ነገሬ፣ ከስቴንስሉ ገጽ ተነሥታ፣ ጣውላ ላይ ወጥታ፣ አሁን እዚህ አልጋ ላይ ተኝታለች። ሁለት ቀን ሙሉ የኚህን ሰው ደም የሚያጸዳ ነገር አልነበረም። ሶደሬ ፍል ውሃ ውስጥ ቢነከሩ ደግሞ የቀረቻቸውን ውሃ በላብ ያፈስሷታል፤ ምናልባት ከዚያ አይወጡም።

«ሶደሬ የለም!» አልኩ። ጮኬ ነበር። «ሆስፒታል ነው የምንሄደው፤ አሁኑኑ!»

«በምን?» አሉ ባለቤታቸው። ልክ ናቸው። ቤንዚን ለመቆጠብ ሲባል የግል መኪና የማይንቀሳቀስበት እሑድ ነበር። የግቢው ወንዶች በሙሉ የቀበሌ ስብሰባ ሄደዋል፤ ወደ አውቶቡሱ ሊያደርስ የነበረው የጎረቤት ልጅም አልመጣም። ያለን ጋሪውና ፈረሱ ነው፤ ለመንዳትም ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጋሪ ነድቼ አላውቅም ነበር። አዛውንቱን ተሸክመን ፍራሽ ላይ አስተኛናቸው፤ ባለቤታቸው ጭንቅላታቸውን ጭናቸው ላይ አስደገፉ። እኔ ልጓሙን ያዝኩና አለንጋውን አነሣሁ።

«አትምታው!» አሉ አዛውንቱ ከበስተኋላዬ፣ በዚያ በደረቀ አንደበት። «እሱ የተማረ ነው። በምላስህ ጠቅ ጠቅ በለው።»

ጠቅ ጠቅ አልኩት። ፈረሱ ነጎደ። ወደ ዋናው መንገድ ስንወጣ ልቤ ከኮቴው እኩል ይመታ ነበር፤ ፍርሃትና አንድ ዓይነት እብድ ደስታ ተቀላቅለውብኝ ነበር። ሊደረስላቸው የሚችል ሰው ናቸው፤ ሊድኑ ይችላሉ፤ ፈረሱም ይሮጣል! ወፍጮ ቤቱ ዘንድ ስንደርስ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁልጊዜ ዱቄት የሚጭንበት ቦታ ነው። ብጎትተው፣ ብለምነው አይንቀሳቀስም። አንዲት ሴት ዱቄቷን ታቅፋ መጥታ ልትሳፈር እግሯን አነሣች።

«እመቤቴ፣ ሕመምተኛ ይዘናል፤ ሆስፒታል ነው የምንሄደው!»

«እሳቸው ተኝተዋል፣ እኔ እዚህ ጠርዝ ላይ ነው የምቀመጠው። ምን አስጮኸህ?» አለችና ወደ ውስጥ አየች። ወዲያው ዱቄቷን መሬት አስቀምጣ የፈረሱን ግንባር ገፋች። «ሂድ! ሂድ አንተ! ጌታህ ታሟል አይሉህም?» ፈረሱ ሄደ።

ሆስፒታሉ በር አካባቢ ደግሞ በራሱ ፈቃድ ዝግ አለ። አዛውንቱ ከተኙበት ሆነው በቀስታ ማፏጨት ጀመሩ፤ ረጅም፣ ወጥ የሆነ ፉጨት። ጋሪ ነጂዎች ፈረሳቸውን የሚያሸኑት እንዲህ እያፏጩ ነው። ሞት ደጃፍ ላይ ሆነው እንኳ ሰዓቱን አልረሱም። ፈረሱ እግሮቹን ከፈተና ያለ ስስት፣ አስፋልቱን እያረጠበ ሸና።

«ታድሏል፣» አሉ አዛውንቱ። «ይኼንን ነው እኮ ያኔ የጠየቅኩህ።»

ፈረሱ እንደጨረሰ ጋሪውን ወደ ግቢው አስገባሁት።

ተረኛው ሐኪም ወጣት ነበር። ምን እንደሚያማቸው ሲጠይቃቸው፣ «ወባ ነው» አሉት። እኔ ግን አቋረጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ስንት ቀን እንዳልሸኑ፣ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጡ፣ ላብ ሽንትን ይተካል ብለው እንዲያምኑ ያደረጋቸው ማን እንደሆነ። የመጨረሻውን ስናገር ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። ከእንብርታቸው በታች ያለውን ቦታ በጣቱ መታ መታ እያደረገ አዳመጠ።

«ፊኛቸው ባዶ ነው፣» አለ። «መውጫው ቢዘጋ ኖሮ ሞልቶ ይወጠር ነበር። ኩላሊቶቹ ራሳቸው መሥራት አቁመዋል። ውሃ አጥተው እንደሆነ ውሃ ስንሰጣቸው ይነሣሉ።»

«ካልተነሡስ?»

«እስከ ማታ እንጠብቃለን። ካልመጣ አዲስ አበባ እንልካቸዋለን። ግን እዚያም...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። እሱ ከእኔ ይልቅ ለቃላቱ ይጠነቀቅ ነበር።

የግሉኮሱ ጠርሙስ ተሰቀለ። ከአራት ሰዓት ጀምሮ የጠብታውን አወራረድ እያየሁ ተቀመጥኩ። እያንዳንዷ ጠብታ ወደ ክንዳቸው ትገባለች፤ ከክንድ ወደ ልብ፣ ከልብ ወደ እነዚያ ሁለት የተኙ አካላት። በምላጭ የከፈልኩት የበግ ኩላሊት ዓይኔ ላይ ነበር። እነዚያ ረቂቅ ማጣሪያዎች አሁን ምን እየሆኑ ነው? ደርቀዋል ወይስ ደክመው ብቻ ነው? ስለ ኩላሊት የማውቀው ሁሉ በዚያች ሰዓት ጸሎት ሆነብኝ።

ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሕመምተኞች ነበሩ። ነርሷ ገብታ ከአልጋው ሥር ያለውን የሽንት ጠርሙስ ባየች ቁጥር ሁሉም አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

«መጣ?»

«አልመጣም።»

ስድስት ሰዓት ላይ ከስብሰባ የወጡ ጋሪ ነጂዎች አምስት ሆነው መጡ። ነገሩ ሲነገራቸው ተያዩ። ከመካከላቸው ቀልደኛው መስኮቱ ዘንድ ሄዶ ከንፈሩን አሞጠሞጠና ያንን ረጅም ፉጨት ለቀቀው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እግሩ በጀሶ የታሰረው ወጣት አልጋውን እየደበደበ ሳቀ። ነርሷ ሮጣ ገባች።

«ምን ዓይነት ብልግና ነው! ይህ ጋጣ መሰላችሁ?»

«ሲስተር፣ መድኃኒት ነው፤» አለ ቀልደኛው። «ፈረሶቻችን ላይ ሃያ ዓመት የሠራ መድኃኒት።»

አዛውንቱም በደረቁ ከንፈር ሳቁ። ባለቤታቸው ግን አልሳቁም፤ «ዋቃዮ፣ ዋቃዮ» እያሉ በኦሮምኛ አምላካቸውን እየጠሩ የነጠላቸውን ጫፍ ይቋጥሩና ይፈቱ ነበር። ሁለተኛው የግሉኮስ ጠርሙስ ተተካ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ስምንት ሰዓት። ሐኪሙ መጥቶ የዓይናቸውን ቆብ ገልብጦ አየና ወጣ። በመተላለፊያው ሲሄድ ነርሷን ስለ አምቡላንስ ሲያነጋግራት ሰማሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዛውንቱ እጃቸውን አነሡ።

«መምህር፣» አሉ በሹክሹክታ፣ «የሆነ ነገር... ጎኔን ያዘኝ። ወደ ታች ይወርዳል።»

ባለቤታቸው የሽንት ጠርሙሱን አነሡ፤ እኔ በጋቢው ከለልኳቸው።  ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ። ከዚያ ቀጭን፣ የተቆራረጠ፣ ግን የማያሳስት ድምፅ!

ነርሷ ጠርሙሱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው። ሁለት ጣት የሚሆን፣ እንደ ከረረ ሻይ የጠቆረ ፈሳሽ ነበር። «መጣ!» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። ክፍሉ በእልልታ ተሞላ። ባለቤታቸው እልል ሲሉ ከሚቀጥለው ክፍል ያሉ ሴቶች ምክንያቱን ሳያውቁ ተቀበሏቸው። ሐኪሙ ሮጦ ገባ፤ ጠርሙሱን አየና ወንበር ስቦ ቁጭ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ እንደነበር ያኔ ነው ያስተዋልኩት። እኔ ግድግዳውን ደግፌ አለቀስኩ። ሽንት አይቼ አለቀስኩ ብዬ ለመጻፍ ይህን ያህል ዘመን ፈጅቶብኛል፤ ግን የሆነው ይህ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጠርሙሱ ከግማሽ በላይ ነበር፤ ቀለሙም ከሻይ ወደ ጠጅ መልክ ነጥቶ ነበር። ወደ ቤቴ ከመሄዴ በፊት አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ያቺ ስለ ቆዳ የጻፍኳት ነገር ልክ አይደለችም። የፈረሱን ነገር አንሥተው ሲጠይቁኝም ልክ እንዳልሆነች አውቅ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ጣራውን አዩ። ምላሳቸው አሁን እርጥብ ነው፤ ቃላቸው ይፈታል።

«እኔን ይቅርታ ከመጠየቅህ በፊት፣» አሉ፣ «ያንን ነገር የሰማሁት እኔ ብቻዬን ነኝ እንዴ? አርባ ሰው ነን። በርበሬ ሻጭዋስ? ያ በስኳር ፋብሪካው እሳት ፊት የኖረውስ? እነሱም እንደ እኔ አስተማሪያቸውን የሚያምኑ ናቸው። እኔ ዳንኩ፤ ሂድና ለእነሱ ንገራቸው።»

በማግስቱ ነበር የክፍላችን ቀን። የቅስቀሳ ኃላፊው በር አጠገብ እንደ ልማዱ ተቀምጧል። በዚያ ዘመን ሰው በስብሰባ መካከል ተነሥቶ ጥፋቱን የሚዘረዝርበት ግለ ሂስ የሚባል ነገር ነበር፤ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ታዝዞ ነው። እኔ ሳልታዘዝ አደረግኩት። የጻፍኩት ስህተት መሆኑን፣ ላብ የሽንትን ሥራ እንደማይሠራ፣ ሙቀት ሲበዛ የበለጠ መጠጣት እንጂ መቀነስ እንደማይገባ፣ በዚህ ስህተት የተነሣ አንድ ተማሪያችን ሞት አፋፍ ደርሰው መመለሳቸውን ተናገርኩ። አንገቴ ላይ ላቤ ይወርድ ነበር፤ እሱን እንኳ ምሳሌ አደረግኩት።

 መጀመሪያ የተሰማው የበርበሬ ነጋዴዋ ድምፅ ነው።

«እኔ ልጆቼን ውሃ እየከለከልኩ ነበር፣» አለች። «ትልቋ ወገቧን ያማታል።» ሌላው ተነሣ፤ ሌላዋም። ከዚህ በፊት በሴትና በወንድ መካከል ተነግሮ የማያውቅ ነገር ሁሉ ይነገር ጀመር፤ ማን ሽንቱን ስንት ሰዓት እንደሚቋጥር፣ ቀለሙ ምን እንደሚመስል፣ ሲወጣ ማንን እንደሚያቃጥል። ጠመኔዬ አልቆም አለ፤ ሰሌዳው ሞልቶ አጠፋሁት፤ ደግሞ ሞላ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ክፍል አስተምሬ አላውቅም።

«ጓድ መምህር፣» አለ ኃላፊው በመጨረሻ። «በር ላይ ያለው ጽሑፍ በቀበሌው የጸደቀ ነው።»

ጠመኔዬን አስቀምጬ ክፍሉን አሰናበትኩ።  ጣውላዋ ለተከታዮቹ ቀናት እዚያው ተሰቅላ ቆየች፤ እኔም በየቀኑ ለጥያቄ የምጠራበትን እየጠበቅኩ ሰነበትኩ።

ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ስገባ አዛውንቱ ከፊት ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ጉንጫቸው ገና አልተመለሰም፤ ከጎናቸው ግን አንድ ትልቅ የውሃ ጀሪካን ተቀምጧል። ኃላፊው ቀድሞ ገብቶ ስለ ጣውላው የቀበሌውን ውሳኔ ሊነግረን ጉሮሮውን ጠረገ። አዛውንቱ ሳይጠሩ ተነሡ።

«ጓድ፣ ያጸደቀው ቀበሌው ነው፣» አሉ። «የደረቀው ግን የእኔ ሆድ ነው። ማንበብ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ፤ አንብቤ ልሞት ነበር። የምታጸድቁት ነገር ሲሳሳት የሚያርመው ሰው ይኑር።»

 ኃላፊው ከወንበሩ ተነሥቶ ወጣ፤ ከውጭ ምስማር ሲነቀል ሰማን። ጣውላዋን በብብቱ ይዞ ሳይመለከተን በመስኮቱ በኩል አለፈ።

ትምህርቱን ጀመርኩ። ሳንባ ላይ ደርሼ ሳለሁ አዛውንቱ እጃቸውን አወጡ። ጥያቄ መስሎኝ ፈቀድኩላቸው።

«መምህር፣» አሉ፣ ሴቶቹም ወንዶቹም እየሰሙ፣ በቀጥታና ጮክ ብለው፣ «ሽንቴ መጥቷል። ልውጣ?»

ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበላቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ በወንበሮቹ መካከል እየተራመዱ ወጡ። ጠመኔዬን እንደያዝኩ እስኪመለሱ ጠበቅኋቸው።